የሴት ልክ አይነገርም

ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን የማስታውሰው በዚያ ዓመት እትዬ ውድነሽን በገዛ እጄ ካርድ አውጥቼ፣ በገዛ አፌ «አይዞሽ፣ ጎበዝ ሐኪም ነው» ብዬ ወደዚያ ክፍል ያስገባኋት እኔ ስለሆንኩ ነው። ሰው የልጁን ልደት ሊረሳ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ግን አይረሳም።

መሞቷን የሰማሁት ባምቢስ ታክሲ ስጠብቅ ነው። ከካዛንቺስ ወጥቼ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። ስልኬ ጮኸ፤ የድሮ ጎረቤታችን ወይዘሮ አልጋነሽ ነች።

«ውድነሽ ዐረፈች» አለችኝ። ከዚያ ዝም አለች።

ወይዘሮ አልጋነሽ ዝም ስትል ሰምቻት አላውቅም። ከታክሲው በር «ጎተራ! የሞላ ጎተራ! አንድ ሰው!» ይባላል። አልገባሁም። ዞሬ በእግሬ ወደ ካዛንቺስ ሽቅብ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ አላለቀስኩም። ተናድጄ ነበር። ሰው ሲሞት ይለቀሳል እንጂ ይናደዱበታል? እኔ ተናደድኩ። እስከ ዛሬም አልበረደልኝም፤ በርዶላት ነው የምትጽፈው ብላችሁ እንዳትጠብቁኝ።

እትዬ ውድነሽ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቤቷ ከእኛ ቤት ሁለት በር ዝቅ ብሎ ያለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። በሩ አጠገብ የእግር መኪናዋ፣ ከመኪናው ጀርባ ከጣሪያ እስከ መሬት የወረደ ወፍራም መጋረጃ። ቁመቷ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ አንገቷ ላይ ሜትር የማይጠፋ ሴት። ከከንፈሮቿ መካከል ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ስፒል ነክሳለች። ስፒሎቹን ሳታወጣ ታወራለች፣ ሳታወጣ ትስቃለች፤ እንዴት እንደማትውጣቸው እግዜር ይወቀው። ስትቆጣ ብቻ ነው የምታወጣቸው። አንድ አንድ እያለች አውጥታ ትንሿ ትራስ ላይ ከሰካቻቸው፣ ያን ጊዜ እግርሽን ነቅለሽ መሄድ ነው።

የሰፈራችንን ልብስ ሰፊዎች ታውቋቸዋላችሁ። አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጽፋል። የሚለካው በረንዳ ላይ ቆሞ «ደረት መቶ አራት! ዳሌ መቶ ሃያ!» ብሎ ይጮሃል። ሰፈሩ ይሰማል። መንገድ የሚያልፈው ሱቅ በደረቴ እንኳ ዞር ብሎ መቶ ሃያውን ዳሌ ይመለከታል። እኛም እንስቃለን፤ ነውር መሆኑ አይታየንም ነበር።

እትዬ ውድነሽ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም። መጋረጃው ጀርባ ታስገባሽና ሜትሩን ታዞራለች፣ አውራ ጣቷን ቁጥሩ ላይ ታሳርፋለች፣ ዝም። አንቺው ካልጠየቅሽ ላንቺም አትነግርሽም። ደብተሯ ላይ ስም የሚባል የለም። በየገጹ ራስ ላይ ከደንበኛዋ ጨርቅ የቆረጠቻትን የጥፍር ያህል ቁራጭ በአንድ ዙር ክር ትሰፋባታለች፣ ከሥሯ ቁጥሮቹን ትጽፋለች፣ በቃ። የትኛዋ ቁራጭ የማን እንደሆነች የምታውቀው እሷ ነች፤ ደንበኛዋም የራሷን ብቻ። ያ ደብተር በአጋጣሚ መንገድ ላይ ቢወድቅ ያነሣው ሰው ምንም አያገኝበትም።

«የሴት ልክ አይነገርም» ትል ነበር። «አምናኝ ነው እጇን ያነሣችልኝ።»

ሁለተኛ ልጄን ወልጄ በተነሣሁ ጊዜ የድሮ ቀሚሴን ይዤ ሄድኩ። ዚፑ ግማሽ ላይ ቀርቷል። አፍሬ «ወፈርኩ አይደል እትዬ?» አልኳት።

«ጨርቁ ነው የጠበበ» አለች በስፒሎቹ መካከል። «ደጋግመሽ አጥበሽዋል። ሳሙና መጥፎ ነው።»

እንዲህ ነበረች።

አንዴ ደግሞ ትልቅ ሠርግ መጣላት። ሙሽሪት፣ ስድስት ሚዜዎች፣ የሁለቱም ወገን እናቶች። እንደዚያ ያለ ሥራ በዓመት አንዴ አይገኝም። ልክ ከተወሰደ በኋላ በሳምንቱ የሙሽራው እህት ብቻዋን መጣች። እኔ ቁልፍ ላስተክል ሄጄ በርጩማው ላይ ተቀምጫለሁ።

«እትዬ፣ የሙሽሪት ወገብ ስንት መጣ?»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ማለቴ… ቀበቶ ልገዛላት ነው።»

«ቀበቶውን ከቀሚሱ ጨርቅ እሰፋላታለሁ፤ አትቸገሪ።»

«ኧረ በቃ ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ። አንድ ቁጥር እኮ ነው! ባለፈው ለቀለበት ሰፍተሽላታል አይደል? ከዚያ ወዲህ ጨምሯል ወይስ አልጨመረም?»

እትዬ ውድነሽ ስፒሎቹን ማውጣት ጀመረች። አንድ። ሁለት። ሦስት።

«አንቺ ልጅ፣ የምትገዢው ቀበቶ ነው ወሬ?»

ልጅቷ ደሟ ፈላ። «ሥራውን ሌላ ቦታ እንወስደዋለን!» አለች።

«ውሰጂው። ጨርቁ ያው፣ አልተቆረጠም። ልኩ ግን እዚሁ ይቀራል።»

እውነትም ወሰዱት። ዘጠኙም ቀሚስ ሄደ። እትዬ ውድነሽ ያን ወር ሙሉ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጠርዝ ስትዘመዝም ከረመች። አንድ ቀን ልቤ አላስችለኝ ብሎ «ግን እኮ እትዬ፣ አርግዛ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። እንደ ሰማች ሰው ቀና አላለችም። መኪናዋን ረገጠችው። እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይህችን ሴት ነው እንግዲህ።

ሕመሟንም ያወቀችው በልብስ ነው። አንድ ቀን መጋረጃው ጀርባ ጠራችኝ። በሃያ ዓመት ጉርብትና ለልክ ካልሆነ እዚያ አልገባሁም። ሸሚዟን ከላይ እንደለበሰች በግራ ጎኗ በኩል ያለውን ስፌት አሳየችኝ።

«ይህንን ሸሚዝ ራሴ ነኝ የሰፋሁት። ሁለቱ ጎን እኩል ነበር። አሁን ይኼኛው በሁለት ጣት ጠቦኛል።»

«ወፍረሽ ይሆናላ።»

«በአንድ ጎን የሚወፈር አለ? ትርሲት፣ ጨርቅ አይዋሽም።»

እጄን ይዛ ጡቷ ላይ አደረገችው። ጠጠር ነው። እንቁላል የሚያህል ጠጠር።

«ልኬን ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አለችኝ። «ቤቲም አታውቅም።» ቤቲ አንድያ ልጇ ነች፤ ያን ጊዜ ኮሌጅ ገና መግባቷ ነበር።

እኔ ያኔ ካዛንቺስ ውስጥ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነበር የምሠራው። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ኮምፒዩተሩንም እንግሊዝኛውንም ያገኘሁትን እያነበብኩ፣ የማላውቀውን እየጠየቅኩ ነው የተማርኩት። በዚያ ሆስፒታል ይህን ሕመም የሚያክም፣ ስሙ የገነነ ሐኪም ነበር። ስሙን አልጠራውም። አንቱም ልለው አልችልም፤ አንደበቴ እምቢ ይለኛል። እጁ አይወቀስም፣ እውነቱን ልናገር። ቢላዋ ሲይዝ ጎበዝ ነው። ስልክ ሲይዝ ነው የሚጠፋው።

ስማርት ስልክ በየሰው እጅ መግባት የጀመረበት ጊዜ ነው። ዶክተሩ ሶሻል ሚዲያ ላይ ገጽ ነበረው። የሚከተለው ሰው እንደ ጉድ ነው። በሽተኛ ከሐረር፣ ከደሴ ተነሥቶ ይመጣና መስኮቴ ላይ «ዶክተርን በስልክ አይቼው ነው» ይለኛል። «ኢንቦክስ አድርጌለት ነበር፣ ና ብሎኛል» ይላል። አንዷን እየመረመረ ለሌላዋ በስልክ ይመልሳል። በገጹ ሥር ሰዎች ሕመማቸውን ከነስማቸው ይጽፋሉ፤ ለንስሐ አባታቸው የማይነግሩትን እዚያ ያፈሱታል፤ እሱም ሁሉም እያየው «እንዲህ ያለው ፈሳሽ ሽታ አለው?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። የሆስፒታሉ ባለቤት በደስታ ሊሞት ነው። እኛ ሠራተኞቹ ደግሞ ትእዛዝ ነበረብን። ጠዋት መጥተን ከፈረምን በኋላ የዶክተሩን ገጽ ከፍተን የወጣውን ሁሉ ላይክ ማድረግ። እንደ ጸሎት ነበር። ሻዬን በአንድ እጄ እየጠጣሁ፣ ፎቶውን እንኳ ሳላይ፣ በአውራ ጣቴ ጫን፣ ጫን፣ ጫን።

አውራ ጣት። እትዬ ውድነሽ አውራ ጣቷን ቁጥር ለመሸፈን ነበር የምትጠቀምበት።

ለምርመራው ከፊት የሚከፈት ሸሚዝ ያስፈልጋል ስላት ከቤቷ ትራፊ ጨርቅ ውስጥ ፈለገች። ትራፊ የሰፊው ነው፤ የሙያው ደንብ ነው። የተረፋት የወይዘሮ አልጋነሽ መጋረጃ ነበር። ቡናማ መደብ፣ ወርቃማ ቅጠል። ወይዘሮ አልጋነሽ ከዱባይ አስመጥታ «ካዛንቺስ ውስጥ የእኔ ብቻ ነው!» እያለች ስንት ወር ያደረቀችን መጋረጃ። እትዬ ውድነሽ ከእሱ ሸሚዝ ሰፋች። የራሷንም ልክ እንደማንኛዋም ደንበኛ ደብተሩ ላይ አሰፈረች፤ የጨርቁን ቁራጭ ከላይ ሰፍታ።

«ለሐኪም ቤት ብቻ ነው የምለብሰው» አለች። «ማን ያየዋል?»

ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዙር መድኃኒት ትወስዳለች ተባለ። ሁለቱን ወሰደች። ፀጉሯ ረገፈ፣ ሻሽ አሰረች፤ ሰፈሩ «የጨጓራ ሕመም» ተብሎ ተነገረው፣ አመነ። ቤቲ ብቻ እውነቱን ተነገራት። ሁሉ ደህና እየሄደ ነበር። ልብ በሉልኝ፣ ደህና እየሄደ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የጋራው ቧንቧ ጋ ልብስ አጥባለሁ። ወይዘሮ አልጋነሽ ስልኳን እያውለበለበች ከቤቷ ወጣች።

«ትርሲት! ኧረ ነይ ጉድ ተመልከቺ! መጋረጃዬ!»

«የምን መጋረጃ?»

«መጋረጃዬን ሰው ለብሶት! ኢንተርኔት ላይ! እኔ ብቻ ነኝ ያለኝ ስል አልነበረም? ይኸው የትኛዋ ቀማኛ እንደሆነች…»

ሳቀች። ቧንቧው ጋ የነበሩት ሴቶችም ተሰበሰቡ። እኔ እጄን ሳልጠርግ አየሁት። የተከፈተ ሸሚዝ ነው። ቡናማ መደብ፣ ወርቃማ ቅጠል። በሸሚዙ መካከል ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንደነበረ ጡቷ፤ ከጎኑ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ፣ ስፌቱ። ዓይኗ ላይ ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል። ከላይ «እናቶቻችን ለምን ይዘገያሉ?» የሚል ጽሑፍ። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ትርሲት እና ሌሎች አራት ሺህ ሰዎች ወደውታል።

ስሜ ነው። የመጀመሪያው። ስልኩ ወዳጅሽ የወደደችውን ላንቺም ያመጣልሻል። ወይዘሮ አልጋነሽ ደግሞ ወዳጄ ናት። ያንን ፎቶ ወደ ሰፈራችን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ በአንድ እጄ ሻይ ይዤ።

አንደኛዋ ሴት «ይኼ እኮ የውድነሽ…» ብላ ጀምራ አፏን ያዘች። ሳቁ ቆመ። ቀና ስል እትዬ ውድነሽ ጄሪካኗን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምንድን ነው የሚያስቀው? እኔም ልሳቅ እንጂ።»

ወይዘሮ አልጋነሽ ስልኩን ከጀርባዋ ደበቀች፤ እንደ ልጅ። እትዬ ውድነሽ እጇን ዘረጋች። ጠበቀች። ተሰጣት።

ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በጣም በቀስታ «ዓይኔን ለምን አጠፉት?» አለች።

ቤቲ እየሮጠች ወጣች። እናቷ ስልኩን ሰጠቻትና «ሰዎቹ የጻፉትን አንብቢልኝ» አለቻት። ቤቲ አላነብም አለች። እናቷ «አንብቢ» አለች። ቤቲ እያለቀሰች አነበበች። «ዶክተር እጅህ ይባረክ።» «ወይኔ፣ በምሳ ሰዓት ባላየሁት!» «ባሏ እንዴት ሳያየው ቀረ? ሃሃ።» ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር።

ያን ቀን ማታ ቤቷ ሄድኩ። «ፎቶ ሲያነሣሽ ለምን ዝም አልሽ እትዬ?» አልኳት። እዩልኝ ድፍረቴን! እሷን ነው የጠየቅኩት።

«ልኬን የሚወስድ መስሎኝ» አለች። «እኔ በሜትር እወስዳለሁ። እሱ በዚያ ይወስዳል አልኩ። ለደብተሩ።»

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉ መጣች። ያንኑ ሸሚዝ ለብሳ ነው የመጣችው። ቁልፉን እስከ አንገቷ ድረስ ቆልፋ፣ በዋናው መንገድ፣ በሰው ሁሉ ፊት። ወረፋ አልያዘችም። ዶክተሩ ክፍል በሩን አንኳኩታ ገባች፤ እኔም ተከትያት ገባሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር» አለችው። «እንደምን አደሩ። አንድ ነገር ላስቸግርዎት መጥቼ ነው። ያቺን ፎቶ ያውርዱልኝ።»

ፈገግ አለ። «ኦ፣ ማዘር! አይዞዎት፣ ፊትዎን እኮ ሸፍኜዋለሁ። ማንም አያውቅዎትም።»

«ሰፈሬ ዐውቆኛል።»

«ማዘር፣ ይረዱኝ። ይኼ ለትምህርት ነው። ስንት ሺህ ሰው እንዳጋራው ያውቃሉ? በእርስዎ ምክንያት ስንት እናቶች ቶሎ ሊመረመሩ ይችላሉ። ሊኮሩ ይገባል።»

«ቢጠይቁኝ ኖሮ እሺ እል ይሆናል። እኔ እንጃ። አልጠየቁኝም።»

«ፈርመዋል እኮ! ካርዷን አምጪልኝ እስቲ» አለኝ።

አመጣሁ። ምን ይሁን ብዬ አመጣሁ? እግሬ ነው ያመጣው። ለቀዶ ሕክምና የሚፈረመውን ወረቀት አወጣ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ከታች የእሷ ፊርማ። ያንን ወረቀት «እዚህ ጋ ፈርሚ እትዬ» ብዬ ጣቴን ያሳረፍኩላት እኔ ነኝ።

እትዬ ውድነሽ ወደ እኔ ዞረች። «ትርሲት፣ ምን ይላል?»

አነበብኩት። ከሁሉም በታች በደቃቅ ፊደል አንዲት መስመር አለች። «ፎቶ ለትምህርት ሊውል ይችላል ይላል» አልኩ።

«ያን ዕለት አንብበሽው ነበር?»

«አላነበብኩትም።»

«እሺ» አለች። ሌላ ምንም አላለችኝም። ያቺን «እሺ» እስካሁን ተሸክሜያታለሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። ከንፈሯ መካከል ምንም አልነበረም፤ እጇን ግን ወደ ከንፈሯ ወሰደች። ያንን የማውጣት ነገር አደረገችው። አንድ። ሁለት። ሦስት።

«ስማ አንተ» አለችው። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ስትለው የነበረች ሴት። «ፊቴን ማን ሸፍንልኝ አለህ? እኔ የደበቅኩት ፊቴን ነው? ፊቴን ይዤ በየቀኑ ገበያ እወጣለሁ! ከፊቴ በታች ያለውን ነበር የደበቅኩት፤ የገለጥከው እሱን ነው። ለአንተ የከፈትኩትን ሸሚዝ ለአራት ሺህ ሰው ከፈትከው። እኔ የዚህን ሰፈር ሴት ሁሉ ልክ ወስጃለሁ። ማን አረገዘች፣ ማን ከሳች፣ ማንን ባሏ መትቷት ጎኗ አብጧል፣ ሁሉን ዐውቃለሁ። አንድ ቀን ከአፌ ሲወጣ የሰማ ሰው ካለ ይምጣ! እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ። አንተ ስንት ዓመት ተማርክ?»

ዶክተሩ ቀላ። «እንዲህ ከሆነ አወርደዋለሁ፤ ምስጋናው ይኼ ከሆነ» አለ።

አወረደው። እውነት ነው፣ ያንኑ ዕለት አወረደው። ግን እስከዚያ ሌሎች ገጾች ወስደውት ነበር፤ ከአንዱ ሲጠፋ በሌላው ይበቅላል። ዶክተሩ ደግሞ በማግስቱ ሌላ ነገር ጻፈ። «በጎ መሥራት ያስወቅሳል። ሕይወቷን ያተረፍኳት እናት ዛሬ ቢሮዬ መጥታ ሰደበችኝ። ቢሆንም ይቅር ብያታለሁ» የሚል። ይቅር ብያታለሁ! ሺህ ሰው ከሥሩ ተሰልፎ አጽናናው። «ምስጋና ቢስ» አሏት። «ድንቁርና» አሏት። ያን ቀን ላይክ አላደረግኩም። የእኔ ጀግንነት ይቺ ብቻ ናት። ሥራዬን አልለቀቅኩም፤ ልጆች ነበሩኝ። ሌላ የምለው የለኝም።

እትዬ ውድነሽ ለሦስተኛው ዙር አልመጣችም። በቀጠሮዋ ቀን ካርዷን አውጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በሩን ሳይ ዋልኩ። ሌላ ሐኪም ፈለግኩላት።

«ሴት ሐኪም ናት እትዬ፤ የተከበረች፣ ዝምተኛ።»

«ስልክ የላትም?»

«ስልክማ ማን የሌለው አለ?»

«እንግዲያውስ ተይኝ።»

ቤቲ ለምና፣ አልቅሳ፣ አኩርፋ አንድ ጊዜ ሰንጋ ተራ አካባቢ ወዳለ ሌላ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። መጠበቂያው ውስጥ ከፊታቸው የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል። የራሱን ፊት ይሁን የማንን አላወቁም፤ ምናልባት የሚያነበው ነገር ነበረው። እትዬ ውድነሽ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ሳበችና ተነሥታ ወጣች። «እማ፣ እኛን እኮ አይደለም!» አለቻት ቤቲ። «ዐውቃለሁ» አለች እናቷ፤ አልተመለሰችም።

መስፋቷን አልተወችም። ደንበኞቿም አልተዉአት። ወይዘሮ አልጋነሽ ያንን መጋረጃ አውርዳ የት እንዳደረሰችው አይታወቅም፤ መስኮቷ ላይ ነጭ አቡጀዴ ሰቀለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ስለ ጨርቅ አላወራችም። እትዬ ውድነሽ ደግሞ መጋረጃው ጀርባ ያለችውን ትንሽ መስኮት በጨርቅ ደፈነችው። «ብርሃኑ ይወጋኛል» አለች። በሻማ ልክ ትወስድ ጀመር።

ሁለት ዓመት ቆየች። በሽታው ተመልሶ መጣ፤ አጥንቷ ውስጥ ገባ። መጨረሻ ላይ ራሷን ስታ ሲወስዷት ሐኪሞቹ ቤቲን «ለምን ዘገያችሁ?» ብለው ጠየቋት። ሰማችሁ? ለምን ዘገያችሁ። ያው ጥያቄ ነው፤ በፎቶዋ ላይ የተጻፈው።

ፎቶ ሰው አይገድልም ይሉኛል። እሺ። ዕጢ ነው የገደላት። ግን ስድስቱን ዙር ብትጨርስ ኖሮስ? ማንም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። ይኼ ነው የሚያናድደኝ፤ እንዳናውቅ መደረጋችን። ያ ሰው ዛሬም ገጹ ላይ ነው። ስለ ሕክምና ሥነ ምግባር ንግግር ሲያደርግ አየሁት። አጨበጨቡለት።

በሠልስቷ ቀን ለቅሶተኛው ሲቀንስ ቤቲ ተነሥታ የእናቷን ደብተር አመጣች። የሰፈሩ ሴቶች አለን፤ ከሃያ እንበልጣለን። «የማን የማን እንደሆነ አላውቅም» አለች። «እማ አልነገረችኝም። የራሳችሁን ታውቃላችሁ።» ከዚያ አንድ በአንድ መጋረጃው ጀርባ አስገባችን።

ተራዬ ሲደርስ ገባሁ። ሻማ በርቷል። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ቤቲ ፊቷን ወደተደፈነው መስኮት አዙራ ቆማለች። ገጾቹን ገለጥኩ፤ የዚያን የጠበበ ቀሚሴን ሰማያዊ ቁራጭ አገኘሁት። ገጹን ቀደድኩና በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። «አገኘሽው?» አለች ሳትዞር። «አገኘሁት» አልኳት። «እሺ» አለች፤ የሚቀጥለዋን ጠራች።

ስንጨርስ አሥራ አንድ ገጽ ባለቤት ሳይመጣለት ቀረ። ቤቲ ደጅ ወዳለው የከሰል ምድጃ ይዛቸው ወጣች። አንድ አንድ እያለች፣ ቁጥሩን ሳታይ፣ እሳቱ ላይ አደረገቻቸው። የመጨረሻው ገጽ ራስ ላይ ያለችው ቁራጭ ቡናማ ነበረች፣ ወርቃማ ቅጠል ያላት። ቤቲ ገጹን ወደ ውስጥ አጠፈችውና እሱንም ጨመረችው።